ገደል ላይ የቀረው ጀግና

ከከተማ ወደ ሰበታ ስንወጣ ታክሲው ውስጥ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው የተቀመጠውን ወጣት ጠየቁት።

«ልጄ፣ ትናንት ቡና ቤት ቴሌቪዥን ሳይ፣ ጀግናው ገደል ላይ እንደተንጠለጠለ ትቼው ወጣሁ። የመጨረሻው ታክሲ እንዳያመልጠኝ ብዬ። ወደቀ እንዴ?»

«አልወደቀም፣ አባባ። ባለፈው ሳምንት የከዳው ጓደኛው ተጸጽቶ ጎትቶ አወጣው።»

«እሰይ። ባለ ሰባት ራሱ ዘንዶስ?»

«ስድስቱ ተቆረጡ። አንዱ ለሚቀጥለው ሳምንት ተርፏል።»

«ያቺ ለማኝ አሮጊትስ?»

«የአማልክት ንግሥት ሆና ተገኘች።»

«ጠርጥሬ ነበር። አንተ የት ሆነህ አየኸው?»

«እኔም አላየሁትም። እንደርስዎ ለታክሲ ብዬ ወጣሁ።»

«ታዲያ በምን አወቅህ?»

«መቼ ሌላ ሆኖ ያውቃል?»

ሽማግሌው ሳቁና በኦሮምኛ አመሰገኑት።

«ይሁን፣ ገለቶሚ ልጄ። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳስብ ነው ያደርኩት።»

ከመካከላችን መጨረሻውን፣ ጀግናው ገደሉ ላይ እንደተንጠለጠለ ለሚቀጥለው ሳምንት መቅረቱን፣ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩና ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አደረግሁ።