ዳንቴል የለበሰው ድራይቨር

ከወልድያ ወደ መርሳ ስንሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ሁለት የግራና ከተማ ነጋዴዎች፣ የመብራት ሠራተኛ የሆነ ሰውዬ፣ የተቃጠለ ዕቃ ያቀፈች ሴትና እኔ ነበርን።

«ምንድን ነው እቱ?» አላት የመብራት ሠራተኛው።

«ድራይቨር ይሉታል። የችግኝ ቤታችን፣ ችግኝ የምናሳድግበት መብራት ኃይል የሚያገኘው በዚህ ነው። ይኸው ደግሞ ተቃጠለ፤ ወልድያም ምትክ አጣሁለት።»

«መብራቱ አናት ላይ ነው የምታስቀምጡት?»

«አዎ። አቧራ እንዳይገባበት ግን ዳንቴል አልብሰነዋል።»

«እንደ ቴሌቪዥን?»

«ዳንቴሉን በየሳምንቱ አጥበዋለሁ፣ ወላሂ!»

«አልብሰሽ ነዋ የገደልሽው! ይሄ እኮ ሲሠራ ይግላል፤ አየር ይፈልጋል። ዳንቴሉን አንሺለት። ከመብራቱም አርቃችሁ ግድግዳ ላይ እሰሩት።»

ሴትዮዋ የተቃጠለውን ዕቃ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ዳንቴሉን የሠራችው ከኔ በፊት የነበረችው ዘይነባ ናት። ዕቃ አቃጠልሽ ብለው አባረሯት። ዛሬ ደግሞ የኔ ተራ ነው ብዬ ነበር።»

«ምክንያቱን ንገሪያቸዋ!»

«እኔስ እነግራቸዋለሁ። ዘይነባ ግን እስካሁን ጥፋቱ የራሷ እንደመሰላት ነው። ውርጌሳ ከተማ ገባች ሲሉ ሰምቻለሁ። ዘይነባ የት እንዳለች የምታውቁ አላችሁ?»

እኔ ለልጄ ቴሌቪዥን የሠራሁትን ዳንቴል እንዳያዩብኝ በያዝኩት ፌስታል ውስጥ ወደ ታች ገፋሁት።