የአማቴ የማር ቅልና የኔ ኮፓ

ጂንካ፣ ግቢዬ ውስጥ መኪናዬ ሥር ተንጋልዬ ስነጫነጭ ሚስቴ ብትሰማኝ ደግ ነበር፤ የሰሙኝ ግን ማር ነጋዴዋ አማቴ ናቸው። ኮፓው፣ ያ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ቋት፣ አላቆም ብሎ ያፈሳል። መገጣጠሚያው ላይ የሚገባውን ማሸጊያ፣ ጋስኬቱን፣ ሁለቴ ቀይሬ፣ ሲሊኮን በላይ በላዩ ቀብቼ፣ ብሎኑን ባለ በሌለ ጉልበቴ አጥብቄዋለሁ፤ ከሥሩ የማነጥፈው ካርቶን ግን ጠዋት ጠዋት ዘይት ጠጥቶ ይገኛል። በማግሥቱ ደግሞ እሳቸውን ከነማራቸው ካኮ ገበያ ላደርስ ቃል ገብቻለሁ።

ለሦስተኛ ጊዜ ኮፓውን ሳወርደው ተቀበሉኝና ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱ። አሮጌው ሲሊኮን ተጋግሮበታል።

"ልጄ፣ አፉን ሳትጠርግ ነው እንዴ የምትከድነው? እኔ የማር ቅል እንዲህ ብከድን ጉንዳን ነው የሚጨርሰው።"

አፍሬ መፋቂያ ቢላ አቀበልኳቸው። ቁጭ ብለው ፍቀው ፍቀው፣ በጨርቅ ወልውለው እንደ ሳህን አጽድተው ሰጡኝ። "በል ግጠመው፤ እንደ ጠላት አንገት ደግሞ አትነቀው።"

ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነበር። እየሮጥኩ ወስጄ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና መኪናው ውስጥ ከማር ቅላቸው ሥር አነጠፉት።

"ያንተስ አላፈሰሰም" አሉኝ፤ "የኔን ደግሞ ካኮ ስንደርስ እናየዋለን።"