ጊዮርጊስና ዘንዶው አንድ መልክ ሲሆኑ

ነይ እስቲ የብርጓል፣ ጠጋ በይ። እንዝርትሽንም ያዥው፤ እጅ ሥራ ሲይዝ ጆሮ ይረጋል። እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረሽ! መስከረም ጠባ፣ ጭቃው ጠጠር አለ፣ ገብሱም አንገቱን ደፋ... የባቄላው እሸትስ ደረሰላችሁ? ደግ። ወገብሽስ? ይማርሽ፣ የኔ ዓለም።

ቤታችሁ ዘንድሮ ሞቅ ብሏል። እንግዳ ያለበት ቤት እንዲህ ነው። እኔ እንኳ የማንንም ስም አላነሣም፤ ስም ማንሣት ነውር ነው። ደግሞ ያ ከጣሪያው ሥር ስልኩ ላይ ያጎነበሰው ሰው ጆሮውን በሁለት ፍሬ ነገር ደፍኖታልና አይሰማንም። አይሰማም አይደል? ... ተይው፣ ቀና ያለ መስሎኝ ነው።

ብቻ አንድ የተማረ ልጅ አለ ይባላል፤ ከአንዲት ደግ እናት ጓዳ የወጣ። አዲስ አበባ ሥራው የስልክ መልክ ማሳመር ነው አሉ። ወዲህ የነበረውን ወዲያ ያደርጋል፤ ሰው እዚያ ሲለምደው ደግሞ ወዲህ ይመልሰዋል። እንዴት ያለ ትጋት ነው! እኛ አንድ ጎተራ ካቆምን ዕድሜያችንን ሙሉ በሩን አናዞርም። ስንፍና እኮ ነው...

የኔን ስልክ መቼም ታውቂዋለሽ። ፊደል አልቆጠርሁም። ልጄ ምሥራቅ ወደ ደብረ ወርቅ የተዳረች ጊዜ፣ «እናቴ፣ በስዕል ትለይዋለሽ» ብላ ግድግዳዬ ላይ ያሉትን ቅዱሳን በስልኩ እያነሣች በየሰዉ ቁጥር ላይ አኖረችልኝ። እሷ ራሷ ኪዳነ ምሕረት። የከብት ሐኪሙ ደመላሽ፣ በሞተር እየጋለበ ስለሚመጣ፣ ፈረሰኛው ጊዮርጊስ። በድንበር የተኳረፍነው ውበቱስ? የባሌ ወንድም ነውና ቁጥሩ አይጣልም! ከፈረሱ ሥር ያለውን ዘንዶ ብቻ ቆርጣ ለጠፈችበት፤ እጄ እንዳይሳሳት። ይቅር ይበለንና ስቀን ልንሞት ነበር።

እንግዲህ ያ አዋቂ ለፍልሰታ መጣ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው ትወጃለሽ? እኔ ነፍሴ ነው። ስልኬን አየና ሣቀ። «እማማ፣ ይሄ እኮ የተዝረከረከ ነው። አፕዴት ካልተደረገ ደግሞ ሌባ ይገባበታል» አለኝ። ሌባ! ደነገጥሁና ሰጠሁት። ስዕሎቹንም «ቦታ ይበላሉ» ብሎ ጠረጋቸው። ቅዱሳኑ ይበሉ ኖሯል? እኔ ጾመኞች ይመስሉኝ ነበር...

መለሰልኝ። አቤት ንጽሕና! ነጭ፣ ባዶ፣ ጸጥ ያለ፤ ልክ እንደ ተገነዘ ሰው። ሌባ እንዳይገባ ብሎ ቤተ ሰቡን ሁሉ አስወጣልኝ። በየሰዉ ፋንታ አንዳንድ ክብ፣ በክቡ ውስጥ አንዳንድ ፊደል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባል የለ? እኔ ደግሞ የማውቃቸውን መላእክት ሰጥቼ የማላውቀውን ክብ ተቀበልሁ። «የትኛው የማን ነው ልጄ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ይለምዱታል እማማ፣ ቀላል ነው» ብሎኝ ሄደ። ቀላል ነው! ለሠራው ሰው ምን ይከብዳል?

በማግሥቱ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ዳለቻ ላሜን ምጥ ያዛት። አንድ እግር ብቻ ብቅ አለ፤ ራሱ የለም። ወደ ስልኬ ሮጥሁ፣ ፈረሰኛዬን ፈለግሁ። አንድ ሰማያዊ ክብ፣ ከሥሩም ሌላ ሰማያዊ ክብ። ጊዮርጊስና ዘንዶው አንድ ቀለም፣ አንድ መልክ ሆነው ቁጭ! መቼም እኩልነት ነው... ትምህርት የሚያመጣው ይህን አይደል? አንዱን ነካሁና፣ «ድረስልኝ፣ ላሜ በምጥ ልትሞትብኝ ነው!» ብዬ ዘጋሁ።

የሞተር ድምፅ ስጠብቅ ስልኩ ጮኸ። ዱሮ አረንጓዴውን ጫን ማድረግ ነበር። ጫንሁት። ወይ ፍንክች! ደግሜ ጫንሁት። አረንጓዴው ይዘላል እንጂ አይከፍትም። ለካ አሁን መጫን ነውር ሆኗል፤ ወደ ላይ መጥረግ ነው አሉ። ስልክ ነው ወይስ ደጅ? እጄም እርጥብ... ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ደመላሽ ኖሯል! የመውለጃዋን ሰሞን ያውቃልና፣ እዚሁ ማዶ መንደር በሬ ሊያክም መጥቶ «ልለፍ ወይ?» ሊለኝ ነው የደወለው። ሳላነሣ ስቀር ደህና መስዬው ወደ ከተማው ወደ ይጁቤ ተመለሰ።

ታዲያ ማን መጣ? ውበቱ! ዘንዶው! ጭቃ እስከ ጉልበቱ፣ ገመድ በትከሻው። እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። ላሚቱን አተረፈልኝ። ጥጃዋ ግን... ሴት ነበረች፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ነበረባት። ደመላሽ ኋላ ቢሰማ፣ «ያን ጊዜ ብደርስ ትተርፍ ነበር፣ እማማ» አለኝ። የተማረ ይግደለኝ ይል የለ ሰው? እኔን መች ነካኝ! ይኸው ደህና ነኝ፤ ጥጃዋን ነው እንጂ።

ላም ያለ ጥጃ ወተቷን አትለቅም። የጥጃዋን ቆዳ ገፍፈን፣ ገለባ ሞልተን፣ በእንጨት አቁመን ፊቷ አደረግንላት። እየላሰች ትታለባለች፣ ምስኪን። እኔም እያየሁ ያን ልጅ አደነቅሁት። ጥበቡ ይኸው እኮ ነው! መልኩ ጥጃ፣ ውስጡ ገለባ፤ አይጮህ፣ አይዘል፣ ቦታ አይበላ። አዲስ አበባ ቢያዩት አይሾሙትም ትያለሽ?

ምነው፣ ክርሽ ተበጠሰ? ቀጥይው፣ ቀጥይው። ስለ ልጅሽ አወራሁ እንዴ? ያንቺማ ልጅ ደግ ነው።

አሁን ሁሉም ደህና ነው። ከውበቱ ጋር ታረቅን፤ ቤቴ ገብቶ እህል ቀመሰ። ለዚህም ያ አዋቂ ይመስገን፤ ስንት ሽማግሌ ያቃተውን በአንድ ጣቱ ጨረሰው። ደመላሽ በዚህ ባለፈ ቁጥር ሳይደውል ይገባል። ምሥራቅ ጫን የሚደረግ ቁልፍ ያለው ስልክ ላከችልኝ። ዳለቻም ገለባዋን እየላሰች ትኖራለች። እንግዳውም መስቀልን ውሎ ይመለሳል አሉ፤ ገና ያልታደሰ ስንት የሰው ስልክ ይጠብቀዋል!

እኔስ መርቄዋለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው፤ ከኔ አብልጦ ያርጅ። ዓይኑ ሲደክም፣ ጣቱ ሲንቀጠቀጥ፣ የሚጠራው ሰው ሲርቅበት፣ ብቻውን አይተወው። እሱን የመሰለ፣ እንደ እሱ የተማረ፣ እንደ እሱ የሚያዝን ልጅ አጠገቡ ያስቀምጥለት... ሳይጠየቅ ሁሉን አዲስ የሚያደርግለት።

አሜን በይ እንጂ፣ የብርጓል!