ላሚኔት የተደረገው ሎተሪ

ከካዛንቺስ ወደ ስታዲየም በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የሚፋቅ ሎተሪ አውጥተው አጠገባቸው ላለች ወጣት አሳዩአት።

«አባባ፣ ይሄ ላሚኔት ተደርጓል እኮ።»

«እንዳይበላሽ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ሳይፍቁት?»

«ለሚካኤል ልፍቀው ብዬ አስቀምጬው ነበር። ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ስፍቅ ጥፍሬ አለቀ።»

«በቃ ላስቲኩን መቅደድ ነዋ።»

«ሎተሪው አብሮ ቢቀደድስ? ቁራጭ ይዤ ብሄድ ማን ይከፍለኛል?»

«ማለቴ፣ ላይደርስዎትም ይችላል።»

«ሊደርሰኝም ይችላል።»

«ታዲያ አሁን ወዴት ነው?»

«ስታዲየም፣ ላሚኔት ያደረገልኝ ሰውዬ ጋ። እንዲያላቅቅልኝ።»

«አይላቀቅም፣ አባባ።»

«እኩል እንካፈላለን ስለው ይላቀቃል።»

እኔ ባምቢስ ወራጅ ነበርኩ፤ ታክሲው ባምቢስ ሲደርስ ግን ሳልወርድ ወደ ስታዲየም ቀጠልኩ።