የተገለበጠው ነጠላ

በኛ ጊዜ፣ እዚሁ አዋሳ፣ እኔን ሰው ፊት ያዋረደችኝ ደስታ ናት። አዎ፣ ያቺው የምትወጃት እማማ ደስታ! አትሳቂ ማርታ፣ ስሚኝ። ቅድም በቴሌቪዥን ያ ሯጭ መዝሙር ሲዘመር አንገቱን ደፍቶ ዝም ቢል «ጀግና!» ብለሽ አጨበጨብሽ፤ ታዲያ እኔ አያትሽ ከሱ በፊት አድርጌዋለሁ፣ የሚያጨበጭብልኝ ጠፋ እንጂ።

ጊዜው ደርግ ነው። ወንድሜ ዘመቻ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ ታዲያ መርዶውን የነገረን የቀበሌ ሊቀመንበር «ለጀግና አይለቀስም፣ ድንኳን የለም» ብሎ ከለከለን። እናቴ አፏን በነጠላ ይዛ አለቀሰች፣ አፏን ይዛ! ደስታም ጓዳ ገብታ አብራን አለቀሰች።

እና የሴቶች ሩጫ መጣ፣ ከጥቁር ውሃ እስከ ኳስ ሜዳው። እኔና ደስታ ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር አብረን የምንሮጥ ነን፤ ለቀበሌያችን ሮጥን፣ እኔ አንደኛ፣ እሷ ሁለተኛ። ቀድማኝ አታውቅም፣ ጠይቂያት! ለሽልማት ቆምን፣ መዝሙሩ ተጀመረ፣ ሰው ሁሉ ግራ እጁን ጨብጦ አነሳ። እኔ ነጠላዬን አንስቼ፣ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጬ እንደ ሐዘንተኛ ደረብኩት። እጄንም አላነሳሁ።

ሊቀመንበሩ መጣ፣ ሆዱ ቀድሞት።

«ጓድ! እጅሽ ምን ሆነ?»

«ሐዘን ላይ ነኝ።»

«ማን ሞቶብሽ?»

«ወንድሜ።»

«ጀግና አይሞትም!»

«እንግዲያው መልሱልኝ!»

አብዮት ጠባቂው ክንዴን አፈፍ አደረገኝ። ታዲያ ይሄኔ ደስታ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይተዋት፣ ይቺ እኮ እብድ ናት! ሩጫ ሲያደክማት ይነሳባታል፣ ልብሷንም ገልብጣ ትለብሳለች!» ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩም ሳቀና ለቀቁኝ።

«ውይ እማማ! የወንድምዎን ሐዘን መሳቂያ አደረገችው? ፈሪ ናት!»

ተይ ማርታ! እኔም ያን ቀን «ብታሰር ይሻለኝ ነበር» ብዬ እያለቀስኩ ገባሁ፣ አላናገርኳትም። ግን ባሏ እዚያው ቀበሌ ታስሮ ነበር እኮ! በየቀኑ ስንቅ የምታደርስለት እሷ፣ ለሱም የምትለማመጠው ያንኑ ሊቀመንበር። እኔ እጄን ባለማንሳቴ ደፋር ከሆንኩ፣ እሷ የታሰረ ባል ይዛ ስለኔ አፏን መክፈቷ ምን ይባላል? ፈሪ ያን ቀን ዝም ያለው ነው፣ እሱንም ቢሆን አልፈርድበትም። አንቺ ሶፋ ላይ ጋደም ብለሽ ትፈርጃለሽ፤ እስቲ ያኔ ሜዳው ላይ ቆመሽ ጉልበትሽን ባየሁት!

«ታዲያ እንዴት ታረቃችሁ?»

ደግሞ ለሷ ሽማግሌ ልላክ? በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬን እንደተገለበጠ ለብሼ ሄድኩና፣ ያንን ያላነሳሁትን ግራ እጄን ጨብጬ በሯን ደበደብኩት።

«ማነው?» አለች፣ በሩን ሳትከፍት።

«እብዷ ነኝ! ጫማሽን አድርጊና ውጪ፣ ዛሬም እቀድምሻለሁ!»