ጥርስ የቆጠረው ዕድሜ

ለፋሲካ በግ ልገዛ ወደ ሐይቅ ከብት ገበያ የወጣሁ ዕለት በጉንም ሳልገዛ፣ ራሴም ዞሮብኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አለማወቅ የሌሎች ሰዎች ችግር ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን የሰማሁት ነገር ግን ዛሬም ሳወራው ይምታታብኛል። ቢሆንም አወራዋለሁ፤ እንደ እኔ የተምታታበት ሰው ብዙ መሆኑን ስለማውቅ ነው።

የገበያው ደላላ አያ ኑርዬ የድሮ ወዳጄ ናቸው። በሬ የሚገዛ ሰው እሳቸውን ሳያማክር እጁን ኪሱ ውስጥ አይከትም። የበሬውን ከንፈር በአውራ ጣታቸው ገለጥ አድርገው ዕድሜውን ይናገራሉ፤ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ሻጩ ቢምል ቢገዘት የሚሰማው የለም። ያን ቀን ግን ከገበያው ግርግር ራቅ ብለው አንዲት ግራር ሥር ቁጭ ብለዋል። አጠገባቸው የልጅ ልጃቸው አሪፋ፣ በዚያ ፀሐይ ሹራብ ላይ ጋቢ ደርባ ተቀምጣለች። ፊቷ እብጥ ያለ፣ እርጋታዋ የአሮጊት የሆነ ልጅ ናት።

«መምህር፣ እርስዎ ልጅ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነዎት» አሉኝ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ። «የሰው ልጅ ጥርሱን መለወጥ የሚጀምረው በስንት ዓመቱ ነው?»

«በስድስት፣ በሰባት ዓመቱ ይመስለኛል።»

«ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት አንድም ያልጣለ ልጅ አይተው ያውቃሉ?»

«ኧረ አላየሁም።»

«እኔም አላየሁ» አሉና አንገታቸውን ደፉ። ለካ የሰጠሁት መልስ ፍርድ ኖሯል፤ እኔ ግን ጊዜ ማሳለፊያ ወሬ መስሎኝ ነበር።

አሪፋን «ሂጂ፣ በጎቹ ዘንድ ሆነሽ ጠብቂኝ» ብለው ካራቋት በኋላ ነገሩን አወጡት። ልጃቸው ሙነወር ጅዳ ሄዶ፣ እዚያው ኢንሳፍ የምትባል የባቲ ልጅ አግብቶ፣ እዚያው በመኪና አደጋ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ኢንሳፍ ከአራት ዓመት በፊት ከሌሎች ተመላሾች ጋር አገሯ ስትገባ በቀጥታ ወደ አማቷ ቤት መጣች። «አምስት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ሲሞት አንድ ዓመቷ ነበር» ብላ ያመጣቻት ልጅ ገና በጀርባ የምትታዘል ነበረች። የልደት ወረቀት የላትም፤ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ለወለደች ሴት ማን ወረቀት ይሰጣታል። አያ ኑርዬም አልጠየቁም። የልጃቸው ልጅ ናት ብለው ተቀበሏት፤ ወደዷትም።

«አሁን እንግዲህ ዘጠኝ ዓመቷ መሆኑ ነው» አሉ። «ጥርሷ ግን ስድስትም አይሞላት። እኔ ተሳስቼ እንደሆን ብዬ ዛሬ ይዣት መጥቼ ለባድሩ አሳየኋት፤ እሱም እንደኔው ደላላ ነው። አምስት ዓመት ተመንፈቅ አለኝ። ልጄ ተሞተ ስምንት ዓመት ነው። ይቁጠሩት መምህር።»

ቆጠርኩት። ልጅቱ አባቷ ከሞተ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ የተወለደች ሆነችብኝ።

«ወላሂ እወዳታለሁ» አሉ። «ግን ሀቅ አለ፤ የሙት ሀቅ አለ። የልጄን መሬት ለማን ነው የምሰጠው? ክረምቱ ሳይገባ እናትና ልጅን ወደ ባቲ ልሸኛቸው ወስኛለሁ። ለማንም አላወራም፤ አላሳፍራትም። ብቻ ይሂዱ።»

ኢንሳፍን አውቃታለሁ። ከሐይቁ ዓሣ አጥማጆች ተረክባ ከተማው ውስጥ እየዞረች ዓሣ የምትሸጥ፣ ሚዛኗ የማይጎድል ሴት ናት። ስለ እሷ አንድ ነገር ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ ግን ጥርሱን ምን ላድርገው? ጨነቀኝ። በዚህ መሃል ነው የድሮ ተማሪዬ ሱሩር ለእናቱ ፍየል ሊገዛ ሲያልፍ ያየሁት። ደሴ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ነው። የጥርስ ነገር ከሆነ የጥርስ ሰው ይጠየቅ ብዬ ጠራሁት። አያ ኑርዬ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ፤ የገባቸውን ጥርጣሬ እንዳላወጣው ነው። እኔም የነገርኩት ጥርሷ መዘግየቱን ብቻ ነው።

ሱሩር አሪፋን ከበጎቹ ዘንድ አስጠርቶ፣ ወደ ፀሐይ አዙሮ አፏን አስከፈታት። ጥርሷን አየ፣ ድዷን በጣቱ ጫን አደረገ፣ ምላሷን አስወጣት። ከዚያ አንገቷን መዳበስ ጀመረ።

«ብርድ ይበረታባታል?»

«ሁልጊዜ» አሉ አያ ኑርዬ።

«ሆዷስ ይደርቃል? ትምህርቷስ?»

«ሆዷ ይደርቃል። ትምህርቱን እንጃ፣ ክፍል ውስጥ ትተኛለች ይላሉ። ልጄ፣ እኔ የጠየቅኩህ ስለ ጥርሷ ነው፤ አንተ አንገቷን ትዳብሳለህ።»

«አያ ኑርዬ፣ ጥርሷን የያዘባት አንገቷ ሳይሆን አይቀርም።»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ፊቱ ግን የቀልድ አልነበረም።

«እዚህ ጉሮሮ ፊት ለፊት አንዲት እጢ አለች» አለ። «ታይሮይድ ይሏታል። ስታብጥ እንቅርት የምንላት እሷ ናት፤ ሳታብጥም ልትታመም ትችላለች። ሥራዋ የሰውነትን እርምጃ ማዘዝ ነው። ልጅ ላይ ከሰነፈች ቁመቱ ይቆማል፤ የወተት ጥርሱ ሳይወድቅ ይቆያል፤ አዲሱም ድድ ውስጥ እንደተደበቀ ይቀመጣል። ምላስ ይወፍራል፣ አፍ ይደርቃል፣ ድድ ይደማል፣ አፍ ውስጥ የቆሰለ ነገር ቶሎ አይሽርም። የአሪፋን ምላስ ጠርዙን ይመልከቱት፤ ከመወፈሩ የተነሳ የጥርሷ አሻራ ወጥቶበታል።»

«እንቅርትማ እናቴም ነበረባት» አሉ አያ ኑርዬ። «አንገቷን ተነቅሳበት ሰማንያ ዓመት ኖረች። ጥርሷም ያለቀው በጊዜው ነው።»

«የእናትዎ እጢ አብጣም ሥራዋን ሳታቋርጥ ቀርታ ይሆናል። አንዷ ታብጥና ትሠራለች፣ አንዷ ትሰንፋለች፣ አንዷ ደግሞ ከልክ በላይ ትሠራለች። ከልክ በላይ ስትሠራም ጥርስ ቶሎ ይበላል፤ የመንጋጋ አጥንት ይሳሳል። እንዲህ ያለባት ሴት ጥርሷን ልታስነቅል ስትመጣ አስቀድማ ካልነገረችን፣ የምንወጋት ማደንዘዣ ልቧን ሊያውከው ይችላል። ታዲያ ስንጠይቃቸው ብዙዎቹ ሌላ በሽታ የለብኝም ይሉናል፤ እንቅርትን ከበሽታ አይቆጥሩትም።»

እዚህ ላይ የእኔ ጭንቅላት ተሳከረ። «ቆይ እስቲ ሱሩር» አልኩት። «ስትሰንፍም ጥርስ ይጎዳል፤ ስትበረታም ጥርስ ይጎዳል። ታዲያ ምን ትሁን ነው የምትለው?»

«ልኳን ትሁን ነው የምለው መምህር» አለ እየሳቀ።

«አየህ» አሉ አያ ኑርዬ፣ «መምህሩም አልገባቸው። እኔ ተልጅነቴ ጀምሮ ጥርስ ሳይ ነው የኖርኩት። ጥርስ ዋሽቶኝ አያውቅም።»

ሱሩር በትህትና ጠየቃቸው። «እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፤ በድርቅ ዓመት የተወለደ ጥጃ ጥርሱን ከእኩዮቹ እኩል ያወጣል?»

«አያወጣም። ችግር ያየ ጥጃ ይዘገያል። ለሱማ እንጨምርለታለን።»

«ምን ትጨምሩለታላችሁ?»

«ዕድሜ» አሉ አያ ኑርዬ፤ ብለውም ንግግራቸው ራሱ ያስደነገጣቸው ይመስላል።

«እንግዲያው ለአሪፋም እንጨምርላት።»

«ጥጃው ክሳቱ ይታያል። የእሷ ፊት ሙሉ ነው።»

«እሱ ሙላት አይደለም፤ የበሽታው እብጠት ነው። እኔም በዓይን አይቼ አልፈርድም። ደሴ ውሰዷትና ደሟ ይመርመር።»

አያ ኑርዬ ብዙ ካቅማሙ በኋላ እሺ አሉ። ሱሩር ሲሄድ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ደሟ ምንም ካላለ፣ የወሰንኩት ውሳኔ ነው» አሉኝ።

ከበዓሉ በኋላ አራታችን በሚኒባስ ደሴ ሄድን፤ አያ ኑርዬ፣ ኢንሳፍ፣ አሪፋና እኔ። እኔ የሄድኩት በእውነት ለማገዝ ይሁን ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኝ አላውቅም። ሆስፒታሉ ውስጥ ያየችን ሐኪም ደም አስቀዳች፤ የልጅቱንም እጅ ራጅ አስነሳች። መጀመሪያ የደረሰው ራጁ ነው። ሐኪሟ ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችውና «አጥንቷ የስድስት ዓመት ልጅ አጥንት ነው የሚመስለው» አለች።

አያ ኑርዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰሙ መምህር? አጥንቷም ይኸንኑ አለ።» ድምፃቸው ውስጥ ደስታ አልነበረም፤ የቀብር ድምፅ ነበር። ኢንሳፍ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ያን ጊዜ ተጠራጠርኳት። ጥርስ አንድ ምስክር ነው፤ አጥንት ሲጨመር ሁለት ሆነ።

የደሙ ውጤት ከሰዓት በኋላ መጣ። የአሪፋ እጢ ተኝታለች ማለት ይቻላል፤ የምታመነጨው ነገር ከሚገባው በታች፣ እጅግ በታች ነበር። አያ ኑርዬ «ታዲያ አጥንቱስ?» ብለው ጠየቁ።

«አጥንቱንም ጥርሱንም ያዘገየችው ይህችው እጢ ናት» አለች ሐኪሟ። «ሁለቱም አልዋሹም አባቴ። የሚናገሩት ግን ልጅቱ ምን ያህል እንዳደገች ነው፤ መቼ እንደተወለደች አይናገሩም።»

አያ ኑርዬ ይህን ዓረፍተ ነገር ወደ ሐይቅ እስክንመለስ በከንፈራቸው ሲደጋግሙት ነበር። ያመኑ ግን አይመስሉም፤ የተምታታባቸው ሰው ፊት ነበር ፊታቸው። ሆኖም ወደ ባቲ ስለመሸኘቱ ዳግመኛ አላነሱም። እንጠብቅና እንይ ያሉ ይመስለኛል።

የታዘዘው ነገር ይሄን ያህል ከባድ አልነበረም። በየማለዳው ቁርስ ሳይቀመስ በውኃ ብቻ የምትዋጥ ኪኒን፤ መጠኑም በሐኪም እንጂ በዘመድ ምክር የማይጨመርና የማይቀነስ። በየጊዜው ደም እየተመረመረ መከታተል። አንዳንድ የተበሉ ጥርሶቿ በሱሩር እጅ መታከም፣ አፍ በየዕለቱ መቦረሽ። ቤቱ ለከብት ከሚገዛው የድንጋይ ጨው ቆርሶ ወጥ ይሠራ ነበርና፣ እሱ ለከብቶቹ ተትቶ አዮዲን ያለው የታሸገ ጨው ተገዛ፤ ተከድኖ ይቀመጣል፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመራል። የአሪፋ ሕመም ከጨው ብቻ የመጣ ላይሆን እንደሚችል፣ ጨው መለወጡም ኪኒኑን እንደማይተካ ሐኪሟ ደጋግማ ነግራናለች። ይህን እኔም ሁለት ጊዜ ካስደገምኳት በኋላ ነው የገባኝ።

ክረምቱ ሳያልቅ አሪፋ ጋቢውን ጣለች። መስከረም ላይ ከባልንጀሮቿ ጋር ስትሯሯጥ አየኋትና ሌላ ልጅ መሰለችኝ። ጥቅምት ላይ የታችኛው የፊት ጥርሷ ተነቃነቀና ወደቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ተከተለ። አያ ኑርዬ ሰው ልከው አስጠሩኝ። ስደርስ ልጅቱን ደጃፍ ላይ አቁመው ከንፈሯን በአውራ ጣታቸው ገልጠዋል። አዲሱ ጥርስ ድዱን ሰንጥቆ ጫፉ ነጭ ብሎ ወጥቷል።

አንባቢዬ ሆይ፣ ልጅህ ቁመቱ ሲቆም፣ ጥርሱ ሲዘገይ፣ ብርድና እንቅልፍ ሲበረታበት እርጋታው ነው አትበል፤ አስመርምረው። በጊዜ የተያዘ ልጅ ቁመቱም፣ ትምህርቱም፣ ጥርሱም ይተርፋል። አንቺም አንገትሽ ካበጠ፣ ሻሽ ደርበሽ አትሸፍኚው፤ ጥርስሽን ልታሳዪ ስትቀመጪ አንገትሽንም ተናገሪ። አንገትና ጥርስ ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር፣ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር።

ያን ቀን አያ ኑርዬ ኢንሳፍን ከጓዳ ጠሯት። በእኔ ፊት እንዲሆን የፈለጉት ሐፍረቱ እንዲሰማቸው ይመስለኛል። «ኢንሳፍ፣ አውፍ በይኝ» አሏት። «በልቤ በድዬሻለሁ። ልጅቱ የሙነወር አይደለችም ብዬ ነበር። ልሰድሽ ነበር።»

ኢንሳፍ የዓሣ ቅርፊት የነካ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «አውፍ ብያለሁ አባባ» አለች። «መጠርጠርዎን አውቅ ነበር፤ እሱ አይደለም የጎዳኝ። ጥርሷን እያየሁ እኔ ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር። ዓመቱን ስቆጥር ይጠፋብኛል። ሙነወር ሲያቅፋት ያየሁት በሕልሜ ይሆን እንዴ እል ነበር። ወረቀት የለኝ፤ የሚያውቀው አንድ ሰው፣ እሱም ሞቷል።»

 አያ ኑርዬ ተነስተው የምራታቸውን ትከሻ ነካ አድርገው ወጡ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አሪፋ አብራቸው ነበረች። አንድ ከመርሳ የመጣ ነጋዴ በበሬ ዋጋ ሲከራከር ልጅቱን አየና «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» ብሎ ጠየቃቸው።

«የሙነወር፣ የልጄ ልጅ ናት።»

«ታድያ ስንት ዓመቷ ነው?»

አያ ኑርዬ የበሬውን ከንፈር ለቀቁና «እናቷን ጠይቃት» አሉት።