የጣላቸው ረሃብ ነው ወይስ ወንበር?

ፈንታነሽ እንደምትለው አባቷን የጣላቸው ረሃብ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ለአፍ ያህል ብቻ ሲቀምሱ ሰንብተው፣ እሁድ ጠዋት ከግቢው በር ሳይደርሱ ጉልበታቸው ከዳቸው። አባቷ አያ አስናቀ እንደሚሉት ግን የጣላቸው ወንበር ነው። ገጠር፣ ገሳይ አጠገብ ያለውን የእርሻ መሬታቸውን ለወንድ ልጃቸው ለቀው ደብረ ታቦር እርሷ ቤት ከገቡ ወዲህ፣ አራት ዓመት ሙሉ «ይረፉ» እየተባሉ ተቀምጠው እግራቸው መሄድ ረሳ።

ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነበርሁ። ያጠናሁት ጤና ነው፤ በግቢያቸው አንድ ክፍል ተከራይቼ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ስኳራቸው ከፍ ብሎ፣ ቦርጫቸው ገፍቶ ሐኪም ባስጠነቀቃቸው ሰሞን «ምግብ ቢቀንሱ ይበጃል» ብያቸው ነበር።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ፈንታነሽን በሩ ላይ አገኘኋት። ከውስጥ በኩል አዲስ ጓጉንቸር ትሰቅላለች።

«ደኅና ዋሉ እትየ። ይህ ለምንድን ነው?»

«አባየ እንዳይወጡ ነው። አንተም ሌላ ክፍል ፈልግ፤ አባቴን የሚያስርብብኝ ተከራይ አልፈልግም።»

አያ አስናቀ ከበረንዳው ሆነው ሰሙን።

«ልጁን ተይው! ይልቅ እኔን እንደ ድልብ ሰንጋ አስረሽ የምትቀልቢኝ ለፋሲካ ልታርጅኝ ነው?»

«አንቱ ደግሞ! የገሳይ ዘመድ ሲመጣ ምን ይለኛል? ‹ፈንታነሽ አባቷን አከሳቻቸው፤ በስተርጅና በእግር ታንከራትታቸዋለች› አይለኝም? የአንቱ መክሳት የእኔ ስም ነው።»

እውነቷን ነው። በእኛ አገር የአባት ፊት መሙላት የልጅ ደግነት ማስረጃ ተደርጎ ይታያል። በየማታው ለስላሳ የምትገዛላቸው፣ ሻያቸው ላይ አራት ማንኪያ ስኳር የምትጨምረው ለዚሁ ነው። ከፍቅር የመጣ ስሕተት ነውና መልስ ለመስጠት ያስቸግራል።

«እትየ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኋት። «የነገርኋቸው ግማሹን ብቻ ነው። በእርሳቸው ዕድሜ ሰው ተቀምጦ ምግብ ብቻ ሲቀንስ፣ ከስቡ ጋር ጡንቻውም ይሄዳል። ስኳሩን የሚያቃጥለው፣ ሰውነትንም የሚያቆመው ደግሞ ጡንቻ ነው። ስለዚህ ስለ አወዳደቃቸው ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።»

«ልክ ከሆንሁማ ይብሉ፤ ይቀመጡ!»

«እንደ ድሮው ከሆነ ስኳሩ ዓይናቸውን፣ ኩላሊታቸውን፣ እግራቸውን ይጎዳል።»

«አታስፈራራኝ!»

«አላስፈራራዎትም። አንድ ነገር ብቻ እንይ። አያ አስናቀ፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው እስቲ ከወንበሩ ይነሱ።»

«እንዳይሞክሯት!» አለች ፈንታነሽ፤ ሮጣም አጠገባቸው ቆመች።

እርሳቸው ግን እጃቸውን አጣመሩ። ወደ ፊት ዘንበል አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

«ጋቢው ነው የያዘኝ» ብለው ጣሉት። እንደገና ሞከሩ። ከንፈራቸውን ነክሰው አንድ ስንዝር ያህል ተነሡና ወደቁ፤ ወንበሩ ተንቋቋ። ማናችንም አልሳቅንም።

«ሞፈርና ቀንበር ተሸክሜ ዳገት ስወጣ የኖርሁ ሰው፣ ወንበር ያሸንፈኝ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባየ?»

«ቆይቷል ልጄ። ‹ውኃ አምጭልኝ› እያልሁ የምጠራሽ መነሳት ስላቃተኝ ነበር። አፍሬ ነው ያልነገርሁሽ።»

ፈንታነሽ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «እኔኮ ሳገለግልዎት ደስ የሚልዎት ይመስለኝ ነበር» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ይደረግ በለኛ፤ አሁን ግን ሙሉውን ተናገር።»

«በመጀመሪያ መውደቃቸውንም የሚወስዱትን የስኳር ኪኒንም ሐኪም ይየው፤ ኪኒን እየወሰዱ ምግብ በዘፈቀደ መቀነስ አደጋ አለው። ከዚያ ለስላሳውና የሻይ ስኳሩ ይቅር። እንጀራው ይቀነስ፤ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ጎመኑ ይብዛ፤ በፍስክ ቀን እንቁላልም ይጨመር። ረሃብ አያስፈልግም። ሐኪሙ ከፈቀደ ጠዋት ጠዋት ቀስ ብለው ይራመዱ፤ ወንበሩንም ይዘው ደጋግመው ይነሱ ይቀመጡ። ተአምር አይጠብቁ። ወራት ሲያልፉ ግን ወገባቸው ይቀንሳል፣ ስኳሩ ይረግባል፣ እንቅልፋቸው ይስተካከላል፤ ጡንቻቸው ስለማይከዳቸው መውደቁም ይቀንሳል። ምግቡ ብቻውን፣ ርምጃውም ብቻውን ይህን ያህል አይሠራም።»

«የሰው አፍስ?»

አያ አስናቀ ቀደሙኝ። «የሰው አፍ ከወንበር ያነሳኛል ወይ?»

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን ዓይናለም ልብስ እያሰጣች ጆሮዋን ወደ እኛ ጥላ ነበር። ፈንታነሽ ቀና ብላ አየቻት፤ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችና ሰፈሩ እንዲሰማ ጮክ ብላ፣

«ዓይናለም፣ ደጋግመሽ አውሪልኝ! ነገ አባየን ሐኪም ቤት እወስዳለሁ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ጎን ለጎን የምሄደውም እኔው ነኝ። የሚያማ ይማኝ!» አለች።